ልጅ አስተኝቶ ጊታር ለሚጫወት ሰው የትኛው የብሉዝ አምፕ ይሻላል?

የጀሞ_ጊታረኛ (እሁድ፣ ማታ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ማታ 2 ሰዓት ትተኛለች። እኔ ከሥራ ገብቼ፣ እራት በልቼ፣ ጊታር የማነሳው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ የለኝም። ከታች ያሉት ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። በጣም ነው የማከብራቸው፣ በእኔ ምክንያት እንቅልፍ እንዲያጡ አልፈልግም።

ጊታሬ ስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ስኳየር ነው። አሁን ያለኝ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ባለ 10 ዋት ትንሽ ትራንዚስተር ነው፣ ስፒከሩ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ክሊኑ (ንጹሕ ድምፁ) ምንም አይልም። ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ስነካው ግን ድምፁ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይሆናል። አንድ ኖታ ስጎትት እንዲያለቅስልኝ እፈልጋለሁ፣ እሱ ግን ይጮህብኛል።

የምፈልገው ድምፅ የብሉዙ ጊታረኛ ቢ.ቢ. ኪንግ አንድ ኖታ ይዞ ሲያንቀጠቅጣት የሚሰማው ዓይነት ነው። ክብ፣ ሞቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ሻከር የሚል። በቀስታ ስመታው ንጹሕ፣ ጠንከር ስልበት የሚሰነጠቅ።

እህቴ ለጥምቀት ከዋሽንግተን ትመጣለች፣ ይዤልህ እመጣለሁ ብላኛለች። በጀቴ 500 ዶላር ነው፣ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝም። አንድ ጓደኛዬ «15 ዋት ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ አምፕ) ግዛ፣ 15 ዋት ምንም ማለት አይደለም፣ ለቤት ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ የቲዩብ ነገር አሮጌ ወሬ ነው፣ ዲጂታሉን (የቲዩብን ድምፅ በኮምፒውተር የሚያስመስለውን) ግዛ ይላል። ግራ ገባኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ዲሲ_ቴሌ (እሁድ፣ ማታ 5፡02)

ወንድሜ፣ ጓደኛህ በቅንነት ነው የነገረህ፣ ግን 15 ዋት «ምንም ማለት አይደለም» የሚለው ልክ አይደለም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው፣ እንደዚያው አስቤ ነው ከስድስት ዓመት በፊት 15 ዋት ቲዩብ የገዛሁት። ሁለት ኢኤል84 የሚባሉ የኃይል ቲዩቦች እና ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ፌንደር ብሉዝ ጁኒየርን ከመሰሉት አምፖች አንዱ ነው።

አምፑ ግሩም ነው። ችግሩ ከእኔ ቤት ጋር ነው። ማስተሩ (የጠቅላላው ድምፅ መጠን ቁልፍ) 1 ላይ ሲሆን ድምፁ ቀጭን ነው። 2 ላይ ሲደርስ ሳሎን ውስጥ ማውራት አይቻልም። እኔ የምወደው ድምፅ የሚጀምረው ደግሞ 5 አካባቢ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ 5 ላይ አድርጌ የተጫወትኩት ቤቴ ውስጥ ሳይሆን የጓደኛዬ ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ያውም ምናልባት ዐሥር ጊዜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው «የቲዩብ ድምፅ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ቲዩቦቹ (ስፒከሩን የሚነዱት) ሲጨነቁ፣ ስፒከሩም አብሮ ሲገፋ የሚመጣውን ነው። ለዚያ ደግሞ መክፈት ግድ ነው። ካልከፈትከው የምትሰማው የፕሪአምፑን (የመጀመሪያውን የማጉያ ክፍል) ድምፅ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ባለ 5 ዋት ልግዛ» ትል ይሆናል። ፌንደር ቻምፕ 5 ዋት ነው፣ አንድ የኃይል ቲዩብ እና 8 ኢንች ስፒከር ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1970 ማያሚ ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታረኞቹ ኤሪክ ክላፕተን እና ዱዌን ኦልማን አብረው ሲቀርጹ እንደሱ ያሉ ትንንሽ አምፖችን ከፍተው ነው የተጫወቱት። ድምፁ አምፑ ትንሽ ስለሆነ አላነሰም። ግን እሱም ሙሉ ሲከፈት ለኮንዶሚኒየም ከበቂ በላይ ነው። የልጅህ በር ስንት ሜትር ላይ ነው?

የጀሞ_ጊታረኛ (እሁድ፣ ማታ 5፡15)

አራት ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳውም ስስ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ ማለት ይቻላል።

ሽቦና_ብየዳ (ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30)

እንደምን አደራችሁ። እኔ በጥገና ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ ስለ ድምፁ እናንተ ተነጋገሩ። እኔ ከመግዛትህ በፊት ስለ መብራቱ ልንገርህ ልጄ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ቲዩብ አምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ120 ቮልት ብቻ ነው። የእኛ 220 ነው። አምና አንድ ሰው አጎቱ ያመጡለትን አምፕ በደስታ ብዛት ጽሑፉን ሳያነብ ሶኬት ላይ ሰካው። ዐሥር ሰከንድ አልቆየም። እኔ ጋ ሲመጣ ገና ካርቶኑን ስከፍት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ጀርባውን ፈትቼ ባየው የፓወር ትራንስፎርመሩ ወረቀት ጠቁሮ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተጠቅልሏል። በዕጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲገባ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ነው ከፍ የሚለው። ለቲዩቦቹ ማሞቂያ የሚሄደው 6.3 ቮልት ብቻውን ወደ 11.5 ይደርሳል። ፊውዙ ቶሎ ከተቃጠለ ዕድለኛ ነህ።

ስለዚህ የአሜሪካ ቲዩብ የምትገዛ ከሆነ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ባለ 15 ዋት አምፕ ከሶኬት የሚስበው 15 ዋት አይደለም፣ ብዙ እጥፍ ነው። 200 ወይም 300 ዋት የሚችል፣ ከብድ የሚል፣ እውነተኛ የመዳብ ጥቅል ያለበት ይሁን። ለጉዞ የሚሸጠውን ቀላል መቀየሪያ አትጠቀም፣ እሱ ለካውያና ለፀጉር ማድረቂያ ነው። የአሜሪካው መብራት 60 ኸርዝ የኛ 50 ስለሆነም ትራንስፎርመሩ እዚህ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል። አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው።

አስማሚ ያለው ትንሽ ዲጂታል ከሆነ ግን አስማሚው ላይ የተጻፈውን አንብብ። «ኢንፑት 100–240 ቮልት» ካለ እዚህም ያለችግር ይሠራል።

ሌላው፣ መብራት ሲጠፋ አምፑን ከሶኬት ንቀለው። ሲመለስ ዘሎ ነው የሚመጣው። የቲዩብ አምፕ ደግሞ ስፒከሩ ተነቅሎ በፍጹም አይከፈትም፣ ኃይሉን ወደ ስፒከሩ የሚያወጣው (አውትፑት) ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ጀርባውንም ራስህ አትፍታው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ባለ_ስድስት_ክር (ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡20)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ይህንን ማንም አይናገርም።

እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ሕግ ነው፣ ስለዚህ የቤት ድምፅ ጉዳይ ለእኔ የዕለት ኑሮ ነው። ነገሩን በቁጥር ላሳይህ፣ እኔም ሐሳቤን የቀየርኩት ስሌቱን ካየሁ በኋላ ነው።

አንድ የተለመደ የጊታር ስፒከር 1 ዋት ሲገባው አንድ ሜትር ላይ 97 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ይሰጣል። አንድ ዋት ብቻ! ሰው በመደበኛ ድምፅ ሲያወራ 60 ገደማ ነው። 15 ዋቱ ሙሉ ሲወጣ 109 ይጠጋል። አሁን አንተ ቤት ውስጥ ጠንከር አድርገህ 77 ዴሲቤል ላይ ተጫወትክ እንበል። ይህ ከ97 በ20 ያነሰ ነው፣ 20 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ደግሞ ኃይሉን ለ100 ማካፈል ነው። ስለዚህ እየተጠቀምክ ያለኸው የአንድ ዋት መቶኛ ነው። ልጅህ ተኝታ ደግሞ ከዚያም በታች ትወርዳለህ።

ለዚህ ነው «15 ወይስ 5 ወይስ 1 ዋት» የሚለው ክርክር ለአንተ ብዙ የማይረባው። ኃይል በዐሥር እጥፍ ሲያንስ ጆሮ የሚሰማው ልዩነት በግማሽ መቀነስ ያህል ነው። ከ15 ወደ 1.5 ዋት ብትወርድ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ ትላለህ እንጂ ልጅ የሚያስተኛ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ጆሯችን ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸር እና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ባሱንና ላይኛውን ጫፍ ነው፣ መሐሉ ብቻ ይቀርልሃል። ስለዚህ ያው አምፕ፣ ያው ቁልፍ፣ ዝቅ ሲል ቀጭን ሆኖ ይሰማሃል። አምፑ አልተበላሸም። ባሱን ከለመድከው ከፍ ማድረግ አለብህ።

ለእኔ ጥያቄው «ማታ በሹክሹክታ ስጫወት ሙሉ ሆኖ የሚሰማኝ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ለዚያ ደግሞ መልሱ ብዙ ጊዜ የጠረጴዛ አምፕ ነው፣ እንደ ያማሃ ቲኤችአር ያለው። ስፒከሮቹ ሁለት ባለ 3 ኢንች ናቸው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ይናቃል። ግን ለዚያው ዝቅተኛ ድምፅ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ከፍቶ ለመጫወት አይደለም። ትልቅ ስፒከር ከፈለግክ ደግሞ ዲጂታሉ ቦስ ካታና 50 አለ፣ ባለ 12 ኢንች ነው፣ ኃይሉን ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርድ ቁልፍ አለው።

የክለብ_ሰው (ሰኞ፣ ማታ 2፡45)

እህቴ ቁጥሩን አልክድም። ግን እኔ በሳምንት አራት ቀን ሆቴል ውስጥ እጫወታለሁ፣ በጣቴ የማውቀውን ልናገር። ቲዩብ ከጣት ጋር ያወራል። ክሩን ትንሽ ጫን ስትለው ይሰማሃል፣ ስትለቀው ይለቅቃል። ዲጂታል ላይ ስጫወት በእኔና በድምፁ መሐል ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ክላፕተን ከብሉዝ ሙዚቀኛው ጆን ሜዮል ጋር ሲቀርጽ ማርሻል አምፑን ስቱዲዮ ውስጥ እንደ መድረክ ከፍቶ ነው የተጫወተው። ቀንስ ሲሉት አልቀነሰም። ምክንያቱም ድምፁ ያለው እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ብሉዝ የሚፈልግ ሰው አንድ ጊዜ ከቲዩብ ፊት መቆም አለበት ባይ ነኝ። ወንድሜ፣ ትንሽ ዋት ያለው ቲዩብ ግዛና አቴኑዌተር ጨምርበት። በአምፑና በስፒከሩ መሐል ገብቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ሳጥን ነው፣ አምፑ ተከፍቶ ድምፁ ይቀንሳል።

ባለ_ስድስት_ክር (ሰኞ፣ ማታ 3፡30)

ወንድሜ፣ ስለ ጣት ያልከው እውነት ነው፣ እኔም ይሰማኛል። ግን አንድ ነገር አስብ። ጠያቂው ስሙን የጠራው ቢ.ቢ. ኪንግን ነው። ቢ.ቢ. ኪንግ ለብዙ ዓመታት መድረክ ላይ የተጫወተበት አምፕ ላብ ሲሪስ ኤል5 ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ፣ አንድም ቲዩብ የሌለበት ትራንዚስተር። በእነዚያ ዓመታት መድረክ ላይ የምንወደው ያ ለስላሳ ለቅሶ የወጣው ከዚያ ነው። የሰውየው ጣት፣ የግራ እጁ ንቅናቄ እና በኖታና በኖታ መሐል የሚተወው ዝምታ ነው ሥራውን የሠራው።

አቴኑዌተሩን ሞክሬዋለሁ። መጠነኛ ቅነሳ ላይ ጥሩ ነው። እስከ መኝታ ቤት ድምፅ ድረስ ሲወርድ ግን ስፒከሩ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ጆሮም የነገርኩህን ያደርጋል፣ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል። ገንዘቡም የአምፑን ግማሽ ያህል ነው። ለእሱ በጀት አይሆንም።

የክለብ_ሰው (ሰኞ፣ ማታ 3፡41)

የኤል5ን ነገር አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አሁን ገብቼ የቀጥታ ቀረጻዎቹን ፈልጌ አየሁ፣ ከኋላው ቆሟል። በጣም ገረመኝ። ለካ ስንት ዓመት ስወደው የኖርኩት ድምፅ ትራንዚስተር ኖሯል።

ገና_ጀማሪ_ነኝ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡05)

እኔ ተማሪ ነኝ፣ 500 ዶላር የምናስበው ነገር አይደለም። የጀሞው ወንድማችን አሁን ያለውን ዓይነት ትንሽ አምፕ ነው ያለኝ። ምንም ተስፋ የለውም?

ዲሲ_ቴሌ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50)

አለው እንጂ! መጀመሪያ የአምፑን ዲስቶርሽን እርሳው። ክሊኑን ብቻ ተጠቀም። ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከግማሽ በታች አውርደው፣ ሚዱን (መሐለኛውን) ከፍ አድርገው። የጊታርህን ቶን ቁልፍ ወደ 6 አካባቢ መልሰው። ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት የሚያነሳውን) በአንገቱ በኩል ወዳለው ቀይር። ይህ ሁሉ ነፃ ነው።

ከዚያ ገንዘብ ስታገኝ አንድ የኦቨርድራይቭ (ድምፁን በልክ የሚያሻክር) ፔዳል ግዛ። ቲዩብ ስክሪመር ዓይነቱ ባሱን ቆርጦ መሐሉን ያወፍራል፣ ለአንድ ኖታ ሶሎ ጥሩ ነው፣ የስትራትን ስስነት ይሸፍናል። ቦስ ብሉዝ ድራይቨር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱ ይበልጥ ክፍት ነው፣ ጣትህን ይከተላል፣ ግን ትሬብሉ ሹል ስለሆነ ቶኑን ዝቅ አድርገው። በሁለቱም ላይ ድራይቩን (የሻካራነቱን መጠን) ከሩብ አታሳልፈው፣ ሌቭሉን (የሚወጣውን የድምፅ መጠን) ከግማሽ በላይ አድርገው። አብዛኛው ጀማሪ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ቤት ውስጥ ጌይን (ያው የማሻከሩ መጠን) ሲበዛ ድምፁ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠንከርና ለስለስ የሚባል ነገር ይጠፋል፣ ብሉዝ ደግሞ እሱ ነው።

ቻይና ሠራሽ የሆኑ ርካሽ ቅጂዎችም አሉ፣ አትናቃቸው።

ሽቦና_ብየዳ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ልጄ፣ አሮጌ ቴፕ ወይም የሬዲዮ ሳጥን ውስጥ ያለ ባለ 8 ወይም 10 ኢንች ስፒከር ካገኘህ፣ ኦሙ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ከአምፕህ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ትንሿን ስፒከር በእሱ መተካት ይቻላል። ትራንዚስተር አምፕ ላይ ኦሙ ካነሰ ነው አደጋው። ብዙ ተማሪዎች ሠርቼላቸው ድምፁ ሌላ አምፕ ሆኗል። በጣውላ ሳጥን ውስጥ አድርገው፣ ጀርባውን ክፍት ተወው።

ባለ_ስድስት_ክር (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡00)

ለሁለታችሁም አንድ ነገር ልጨምር። አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጡት። መሬት ላይ ሲሆን፣ በተለይ ጥግ ላይ፣ ባሱ ያብጣል፣ በወለሉ በኩልም ወደ ታች ፎቅ ይወርዳል። ጎረቤትን የሚረብሸው ትሬብሉ አይደለም፣ በሲሚንቶ ውስጥ የሚሄደው ባስ ነው። በርጩማ ላይ አውጡት፣ ከሥሩ ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ አጥፋችሁ አድርጉ፣ ፊቱን ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። አብዛኛው ሰው የአምፑን ድምፅ የሚሰማው በጉልበቱ ነው፣ ስፒከሩ እግሩ ላይ ነውና። ወደ ጆሮ ሲመጣ ቮልዩሙን መቀነስ ይቻላል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ስትጫወቱ የክሩ የራሱ ድምፅ፣ ያ ያለ አምፕ የሚሰማው «ቲንግ ቲንግ» ከአምፑ ጋር ይቀላቀላል። ፒኩ (የክር መምቻው) ክሩን ሲነካ የሚያሰማው ጭረት ድምፁን ያበላሽባችኋል፣ እናንተ ግን አምፑን ትወቅሳላችሁ። ወፈር ያለ ፒክ ወይም አውራ ጣት ሞክሩ። ማታ ማታ እኔ በአውራ ጣቴ ነው የምጫወተው።

የክለብ_ሰው (ረቡዕ፣ ቀን 6፡30)

ስለ አውራ ጣት ስትናገሪ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባቲ ማይነር ቅኝትን አምስተኛው ፍሬት ላይ ከኤ ተነስታችሁ ተጫወቱት። ያው የብሉዝ የመጀመሪያው ቦክስ (የጣት አቀማመጥ) ነው፣ አምስቱም ኖታ አንድ ነው። ልዩነቱ የት ላይ እንደምታርፉና እንዴት እንደምትጎትቱ ነው። እኔ ለልጆች ሳስተምር ብሉዝን ከባቲ ነው የምጀምርላቸው፣ ጆሯቸው ውስጥ ቀድሞ አለና። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ክሊን የሚጠጋ ድምፅ ነው። ጌይን ከበዛ የባቲ ጉትጎታ አይሰማም። ወንድሜ፣ አምፕ ስትሞክር የምታውቀውን የባቲ ዜማ ተጫወትበት፣ የማታውቀውን ሪፍ አይደለም።

የጀሞ_ጊታረኛ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡15)

ሰላም። ዝም ያልኩት ስሞክር ነበር።

የክለቡ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጽፎልኝ፣ 15 ዋት ቲዩቡን ቅዳሜና እሁድ አዋሰኝ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ባለ 12 ኢንች ዲጂታሉን፣ ኃይሉ ወደ ግማሽ ዋት የሚወርደውን ተዋስኩ። የጠረጴዛ አምፕ ደግሞ ከአክስቴ ልጅ አገኘሁ። ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ በርጩማ ላይ፣ ጋቢ አጥፌ ከሥር አድርጌ ደረደርኳቸው።

ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫንኩና ልጄ በር ላይ አስቀመጥኩት። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ቀን፣ ልጄ በሌለችበት፣ ሚስቴ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ተኛች። እኔ እየጨመርኩ እሄዳለሁ፣ «አሁን ብተኛ ያስነሳኛል» ስትል አቆማለሁ። በሦስቱም ላይ እንዲሁ አደረግን። ከዚያ መሥመር ሳላልፍ ባቲውን ተጫወትኩ።

ቲዩቡ በዚያ ከፍታ ላይ ቁልፉ ከዜሮ ተነስቶ የፀጉር ስፋት ያህል ነው የሚዞረው። ትንሽ ስነካው ይዘላል፣ ትንሽ ስመልሰው ይጠፋል። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ግን ዳር የለውም። የምመኘው መሰንጠቅ አልመጣም። ቀን ላይ ግን ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ሳይ ሃያ ደቂቃ 4 ላይ ከፈትኩት። የክለቡ ወንድሜ፣ አሁን ገባኝ። ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ። አንዷን ኖታ ይዤ ስቆም አልሞት አለችኝ። ዕንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

ባለ 12 ኢንቹ ዲጂታል ግማሽ ዋት ላይ ከሁሉም ሙሉ አካል ነበረው። ወፍራም ነው። ግን ሚስቴ «ይህኛው ከበሮ ይመስል ወለሉ ላይ ይሰማኛል» አለች። ባሱን ስቀንስ ውፍረቱም አብሮ ሄደ።

የጠረጴዛውን አልጠበቅኩትም ነበር። በዚያው መሥመር ላይ ሆኖ ድምፁ አልሳሳም። ክሊኑን ሊሰነጠቅ ጥቂት ሲቀረው አቆምኩት፣ ቲዩብ ስክሪመር ቅጂ ከፊቱ አደረግኩ፣ በቀስታ ስመታ ንጹሕ፣ ጠንከር ስል ሻከር። ጊታሩን ቮልዩም ወደ 7 ስመልሰው እንደገና ይጸዳል። በጉልበት ክፍሉን አይሞላም። ከፍ ካደረግኩት የሳጥን ድምፅ ይመጣበታል። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ከሦስቱ የምፈልገውን የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው።

እሱን ነው ለእህቴ የነገርኳት። ሦስት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሻንጣዋም አይሞላም።

ሽቦና_ብየዳ (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡00)

እህትህ ከመምጣቷ በፊት የአስማሚውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ አሳየኝ፣ ቮልቱ፣ አምፒሩ እና የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥ የሚገጥም የ220 አስማሚ እፈልግልሃለሁ።

የጀሞ_ጊታረኛ (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡20)

እሺ ጋሼ፣ ሳልደውልልዎት ምንም ነገር አልሰካም።

የክለብ_ሰው (ቅዳሜ፣ ማታ 6፡50)

ምርጫህ ትክክል ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ቲዩቡ ደግሞ የትም አይሄድም። ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ክፍላችን ባዶ ነው፣ ጊታርህን ይዘህ ና። እዚያ 5 ላይ ከፍተህ ትጫወታለህ።

ገና_ጀማሪ_ነኝ (ከጥምቀት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ማታ 2፡30)

ወንድሜ፣ አምፑ መጣ? ቁልፎቹን የት የት ላይ ነው ያደረግከው? እኔ የጋሼን ምክር ሰምቼ ከአሮጌ ቴፕ ያወጣሁት ባለ 8 ኢንች ስፒከር ገጥሜያለሁ፣ በጣም ተለውጧል።

የጀሞ_ጊታረኛ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡05)

በጣም ደስ ይላል! መጥቷል። አስማሚውን ጋሼ አይተው ልክ ነው ብለውኛል።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው፦ ጌይን 4፣ ማስተር 5፣ ባስ 6 ተኩል፣ ሚድል 6፣ ትሬብል 4። ሪቨርብ (ማስተጋባቱ) በጣም ትንሽ፣ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ሲበዛ ይጨማለቃል። አምፑ ላይ ያለውን፣ የሚወጣውን ድምፅ የሚወስነውን የቮልዩም ቁልፍ 2 ላይ ነው የማደርገው፣ ሌሊት ከሆነ 1 ተኩል። ፔዳሉ ላይ ድራይቭ ሩብ፣ ሌቭል ከግማሽ ትንሽ በላይ። የክሩን ውፍረት ከ9 ወደ 10 ቀይሬያለሁ፣ የላይኛዎቹ ሁለቱ ወፈሩልኝ፣ መጎተት ግን ጣት ያደክማል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጫፉ ቆስሎ ነበር። ለባቲ ፔዳሉን አጠፋለሁ፣ በአውራ ጣት ብቻ፣ የአንገቱ ፒክአፕ።

ያንተን ስፒከር ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፣ ሳጥኑን ከምን ሠራኸው?